እጅሽን አውርጂ

(የሴቶች ቼዝ ውድድር የመጨረሻ ጨዋታ። አሸናፊዋ ለታላቁ ውድድር ባሕር ወዳለበት ከተማ ትላካለች። ልብስ ሰፊዋ ባሕር አይታ አታውቅም። ተጋጣሚዋ፣ በልጅነቷ ያስተማሯት ጡረተኛ መምህርት፣ ግን ሻንጣቸውን አሰናድተው ከጠረጴዛው ሥር አስቀምጠዋል። በመካከላቸው ባለሁለት ፊት ሰዓት አለ፤ ተጫውታ የጨረሰች ቁልፉን ስትጫን የእሷ ቆሞ የሌላዋ ይቆጥራል፤ ጊዜዋ ቀድሞ ያለቀባት ትሸነፋለች።)

መምህርት፦ ወታደሮቹን ማስተካከሉን ተይ። ጠርዙ የሚቀመቀም ቀሚስ መሰለሽ?

ሰፊዋ፦ ጠመም ሲሉ ዐይኔን ያመኛል፣ እትዬ።

መምህርት፦ የነካሽውን ትጫወቻለሽ፤ ሕጉ ነው። አሁን ዝም በይ።

(ፈረሳቸውን አንሥተው አስቀመጡና እጃቸውን አጣጥፈው ወንበራቸውን ተደገፉ። ሰፊዋ ሰሌዳውን አየች፤ በየት በኩል ብትሄድ አልቆላታል። ቀጥላ ሰዓቱን አየች። እጇን አወጣች።)

ሰፊዋ፦ እትዬ፣ አንድ ነገር...

መምህርት፦ እጅሽን አውርጂ። ተራው ያንቺ ነው።

ሰፊዋ፦ እሱማ ገብቶኛል። ሰዓቱ ግን...

መምህርት፦ ስለ ሰዓት አትጨነቂ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምን እያልኩ አስተማርኳችሁ? ተረጋግታችሁ አስቡ።

ሰፊዋ፦ ብቆይ አይከፋዎትም?

መምህርት፦ ደስ ይለኛል እንጂ።

(ሰፊዋ አሰበች። መምህርቷ ስንቱን እንዳሸነፉ፣ የባሕር ነፋስ ለጉልበት ሕመም እንዴት እንደሚበጅ ይተርኩላት ጀመር። እንደገና እጇን አወጣች፤ በዐይናቸው አስወረዷት። ሦስተኛ ጊዜ አውጥታ ወደ ቁልፉ ጠቆመች።)

መምህርት፦ ተጋጣሚን መምከር ክልክል ነው። ምክር ካለሽ ለራስሽ አድርጊው።

ሰፊዋ፦ እንግዲህ እግዚአብሔር ያያል፣ ሞክሬአለሁ።

(ከእጅጌዋ ላይ ብጥስጣሽ ክር ስትለቅም ቆየች። ሰዓቱ ጮኸ።)

መምህርት፦ አይዞሽ ልጄ። መሸነፍም ትምህርት ነው።

(ዳኛው መጥተው ሰዓቱን አዩት። ያለቀው የመምህርቷ ነው፤ ፈረሱን ካስቀመጡ ጀምሮ ቁልፉን አልተጫኑም። ድሉ የሰፊዋ ሆነ።)

መምህርት፦ አንቺ፣ ለምን አልነገርሽኝም?

ሰፊዋ፦ ሦስት ጊዜ እጄን አወጣሁ።

(መምህርቷ ሰሌዳውን፣ ሰዓቱን፣ ከዚያም የገዛ እጃቸውን ተመለከቱ። ሰፊዋ ቀስ ብላ አራተኛ ጊዜ እጇን አወጣች።)

መምህርት፦ (በደከመ ድምፅ) እሺ፣ ተናገሪ።

ሰፊዋ፦ ሻንጣ የለኝም፣ እትዬ። ልብስዎን አውጥቼ በደንብ አጥፌ ባስቀምጥልዎት፣ የእርስዎን ያውሱኛል?