ዜና ድሪቶ ዘአልጋ ቁጥር ዐሥራ አንድ

እትዬ ቀጥታ በሊቀመንበርነት በነገሡ በሦስተኛው ዓመት፣ የአዳራሹ መስኮት ተሰብሮ በካርቶን በተጋረደ በሰባተኛው ወር፣ አጥንት ሰብሮ በሚገባው በዚያ ብርድ፣ በዕለተ ሐሙስ፣ ይህ ታላቅ ገድል ተፈጸመ። ዜናውን የጻፍሁት እኔ የማኅበሩ ቃለ ጉባዔ ያዥ ነኝ፤ አንዲት ነገር ሳላስቀር እንድጽፍ ያዘዙኝም ራሳቸው እትዬ ቀጥታ ናቸው። እንግዲህ የታዘዝሁትን አደርጋለሁ፤ በኋላ ማንም እንዳይቀየመኝ።

እኒህ እትዬ ቀጥታ፣ ከርእሰ መምህርነት በጡረታ ቢሸኙም ቤታቸው ያልበቃቸው፣ ሠላሳ ዓመት ተማሪ አሰልፈው ሰልፍ ያልጠገቡ፣ የቀጥታ ስፌት እናት፣ የጠማማ ስፌት ጠላት፣ ራሳቸው ከሰፉት ይልቅ ሌላው የሰፋውን በመተርተር ስማቸው የገነነ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ላለው የአረጋውያን መጠለያ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ብርድ ልብስ እንስፋ ብለው ማኅበር አቆሙ። መጠለያው ዐሥራ አንድ አልጋ አለው።

በዙፋናቸው ዙሪያ የተሰለፉትም እነዚህ ናቸው፤ በቀኝ ክር በጥርሷ የምትበጥሰው ጡረተኛ አዋላጅ፤ በግራ መቀሷን ለወለደቻት እናቷ እንኳ የማታውሰው ፀጉር ሠሪ፤ ከበሩ አጠገብ የእትዬ ቀጥታ ምራት፣ በመዝገቡ ላይ «በፈቃዷ የመጣች» ተብሎ የተጻፈላት፤ በመጨረሻም ጋሽ ሰፊው፣ አርባ ዓመት ልብስ ሲሰፉ የኖሩ፣ ከመካከላችን መስፋት የሚያውቁት እሳቸው ብቻ በመሆናቸው ሻይ እንዲያፈሉ የተሾሙ።

ወእምዝ፣ ከየቤቱ ግብር መጣ። የመጋረጃ ጫፍ መጣ፣ ብብቱ የተበላ ሸሚዝ መጣ፣ ጉልበቱ የሳሳ ፒጃማ መጣ፣ ቀለሙ ምን እንደ ነበረ ማንም ሊያስታውስ ያልቻለ የአልጋ ልብስ መጣ። ለሌላ ነገር የሚሆን ጨርቅ ግን አንድም አልመጣም፤ ልግስናችን እስከዚህ ድረስ ነበረ። እትዬ ቀጥታም በክብር ከሁላችን በልጠው የተቀደደ ጥቁር ጃንጥላ ሰጡ፤ ጨርቁን ከሽቦው ያላቀቅነው እኛ ነን።

ከዚያም ቆመው አዋጅ ነገሩ፦ «ስሙ፤ ያልሰማችም ከጎኗ ያለችውን ትጠይቅ። ይህ የምንሰፋው ነገር ከእንግዲህ ድሪቶ አይባልም፤ የፍቅር ልብስ ይባላል። ብስኩት ሆነ ከረሜላ እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳላይ፤ በሚያጣብቅ እጅ ጨርቄን እንዳትነኩብኝ። ሁላችሁም ጭናችሁ ላይ አድርጋችሁ ስፉ፤ ጠረጴዛ ላይ መስፋት የፋብሪካ ነው።» ጋሽ ሰፊው በዚህ ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ጭን ላይ ሲሰፋ መርፌ የት ድረስ እንደሚሄድ የሚያውቁ ሰው ናቸውና። ነገር ግን ውሃው ፈልቶ ኖሮ ወደ ሻያቸው ተጠሩ።

እንዲህም ሆኖ፣ እየሰፋን፣ እትዬ ቀጥታ እየተረተሩ፣ እኛም ደግመን እየሰፋን፣ በሦስት ዓመት ዐሥር ጨረስን። የቀረው የአልጋ ቁጥር ዐሥራ አንድ ነበረ። ይህ አልጋ በሩ ሥር ነው፤ የሚገባውን ነፋስ ሁሉ ቀድሞ የሚቀበለው እሱ ሆኖ ሳለ፣ በቁጥር ቅደም ተከተል ይሁን ተብሎ ስለ ታወጀ ብርድ ልብስ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው። የሚተኙበትም ጡረተኛ ፖስተኛ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ሰው ደብዳቤ ሲጠብቃቸው ኖረው፣ አሁን በተራቸው ድሪቶ ሲጠብቁ ሁለት ዓመት ሙሉ ብርዱ አለፈባቸው። የመጠለያው መኪና የሚመጣው በወር አንድ ቀን ብቻ ነበርና፣ ያ ሐሙስ ካመለጠ ሌላ ወር ሊበርዳቸው ነው።

በይእቲ ዕለት እትዬ ቀጥታ የመጨረሻውን ስፌት በገዛ እጃቸው ሊያሳርፉ፣ ፎቶም ይነሣል ስለ ተባለ፣ አዲስ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሰው መጡ። ቀሚሱ ዋዛ አልነበረም። ከእኅታቸው ጋር አራት ዓመት ተኳርፈው ገና መታረቃቸው ነበር፤ እሑድ የእኅታቸው ልጅ ስትዳር እንዲለብሱትም ያሰፋችላቸው ያችው እኅታቸው ናት። ሳይለብሱት ቢሄዱ ኩርፊያው እንደ አዲስ ሊጀመር እንደሚችል እኛም እሳቸውም እናውቃለን።

ከምሳ በኋላ ተቀምጠው፣ ድሪቶውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ ቀና ሳይሉ፣ ማንንም ሳይሰድቡ፣ እስከ ዐሥር ሰዓት ሰፉ። ስፌቱ ደቃቅ፣ ጥብቅ፣ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል ነበር። መኪናው ከደጅ ጥሩንባውን ሲነፋ እትዬ ቀጥታ ሊያስረክቡ በግርማ ተነሡ፤ ድሪቶውም አብሯቸው ተነሣ። መርፌያቸው ከላይኛው ጨርቅ ወደ ጥጡ፣ ከጥጡ ወደ ገበሩ፣ ከገበሩም ወደ ሰማያዊው ቀሚስ እየዘለቀ፣ ያን ሁሉ ሰዓት አራቱንም በአንድነት ሲሰፋ ውሎ ኖሯል። አዋላጇ ድሪቶውን ያዘች፣ ምራታቸው አማቷን ያዘች፣ ግራና ቀኝ ጎተቱ፤ የእትዬ ቀጥታ ስፌት እንደሆነ ፍንክች የሚል አይደለም።

የመኪናውም ሹፌር በሩ ላይ ቆሞ አዋጅ ነገረ፦ «እናቶቼ፣ አምስት ደቂቃ ነው የምጠብቀው። ከዚያ በኋላ የምንገናኘው የዛሬ ወር ነው።»

ጋሽ ሰፊው ከሻይ ማፍያው ተጠርተው፣ ስፌቱን በጣታቸው ዳስሰው ፍርድ ሰጡ፦ «ይሄን ለመተርተር ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ቀሚሱን ለመቁረጥ ሁለት ደቂቃ። ጭን ላይ አይሰፋም ልል ነበር፤ ውሃው ፈላብኝ።»

እኔ በበኩሌ መኪናው ይሂድ የሚሉ መስሎኝ፣ ያንኑ ልጽፍ ብዕሬን አዘጋጅቼ ነበር። ነገር ግን ነፋሱ ካርቶኑን ገፍቶ ገባና ሁላችንም ትከሻችንን ሰበሰብን፤ እትዬ ቀጥታ ብቻ ከወገባቸው በታች አልበረዳቸውም። ድሪቶውን አዩት፤ በሩንም አዩት። ሁለት ዓመት በር ሥር መተኛት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ የገባቸው ይመስለኛል። ቀጥሎም ወደ ፀጉር ሠሪዋ ዞረው አጭሩን አዋጃቸውን ነገሩ፦ «ቁረጪው። ቀጥ አድርገሽ ቁረጪ።»

መቀሷን የማታውሰዋ ፀጉር ሠሪም ቆረጠች። ከቀሚሱ የቀኝ ጎን አንድ ትልቅ ቁራጭ፣ ኪሱም እንዳለ፣ ከድሪቶው ጀርባ ጋር ሄደ፤ መኪናውም ሄደ። እትዬ ቀጥታ በጋሽ ሰፊው ካፖርት ተጠቅልለው ቆሙ፤ ፎቶውን ያነሣ ግን አልነበረም።

ያን ዕለት ጋሽ ሰፊው በሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ መርፌ ተሰጣቸው። ከቅርጫቱ ግርጌ የቀረው ጨርቅ ያ ጥቁር ጃንጥላ ብቻ ስለነበረ በእሱ ደረቱላቸው። እሑድም የድሪቶን ስም በአዋጅ የሻሩት እትዬ ቀጥታ፣ ድሪቶ ለብሰው ሠርግ ሄዱ። እኅታቸው ጥቁሩን ጨርቅ አይታ ፊቷ ጠቆረ፤ የእትዬ ቀጥታ ምራት ነገሩን ከሥሩ ስትነግራት ግን እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ቀኑን ሙሉም ከጎናቸው አልተለየችም።

በወሩ መኪናው ሲመለስ ሹፌሩ ከአልጋ ቁጥር ዐሥራ አንድ የተላከ ወረቀት አመጣ፤ በጉባዔው ፊትም ተነበበ፦ «ለማኅበሩ። ድሪቶው ደርሶኛል። ከሁሉም አልጋ የኔ ይበልጣል፤ ኪስ አለው። መነጽሬን እዚያ አድርጌ እተኛለሁ። ኪሱ ውስጥ የነበሩትን አምስት የሚንት ከረሜላዎች በቀን አንድ አንድ እያልሁ ጨርሻለሁ። ማን እንዳሰበልኝ አላውቅም፤ ዕድሜ ይስጥልኝ። አሁን አይበርደኝም። ዐሥሩ ጓደኞቼም ኪስ ይሰፋልን ብለዋል።»

ጉባዔው ሁሉ ዞሮ ከረሜላን በአዋጅ ያገዱትን እናት አየ። አዋላጇ ሳል ያዛት። እትዬ ቀጥታ ጆሯቸው ድረስ ቀልተው፣ ቦርሳቸውን ከፍተው፣ ያልተከፈተ የከረሜላ ከረጢት አውጥተው ለሹፌሩ ሰጡና የመጨረሻውን አዋጅ ነገሩ፦ «ድሪቶ ከዛሬ ጀምሮ ድሪቶ ይባላል። ለዐሥሩም አልጋ ኪስ ይሰፋል፤ ጠረጴዛ ላይ። ስፌቱን ጋሽ ሰፊው ይምሩት። ሻዩን እኔ አፈላለሁ።»

ሻያቸው አይጠጣም፤ ይህንንም እንዳላስቀር ታዝዣለሁ። ቢሆንም ስማቸው ከመዝገብ ወደ መዝገብ ይሻገር፤ መርፌያቸው አይዛግ፣ ክራቸው አይወሳሰብ፤ ምስጋናም ለእትዬ ቀጥታ ይሁን፣ በሦስት ዓመት ካዋጣነው ጨርቅ ሁሉ ለሌላ ነገር የሚሆነውን አንዱን ቁራጭ የሰጡት እሳቸው ብቻ ናቸውና።