ከልጁ የሚቀድም ረዳት

አንባቢዬ፣ ልጅ እስኪያስብ መታገሥ የማይችል ሰው አጋጥሞዎት ያውቃል? ጥያቄው ሳያልቅ መልሱን የሚሰጥ፣ እርሳስ ነጥቆ የሚጽፍ? እኔ አንድ አውቃለሁ፤ ራሴ ነኝ።

ከሚሴ ውስጥ የአንደኛ ክፍል ረዳት ሳለሁ ዘይነባ የምትባል ልጅ ነበረች። እሷ አንድ ፊደል ጽፋ እስክትጨርስ የጨፋ ሜዳ ማሽላ ተዘርቶ ይታጨዳል ብል አጋነንሽ ይሉኛል? እኔማ አልቻልኩም፤ እጇን በእጄ ይዤ እጽፍላት ጀመር። መምህሩም ያርማል፤ ደብተሯ ራይት በራይት ሆነ።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ግን ስሟን እንኳ ብቻዋን መጻፍ እንደማትችል አየሁ። ለቅዳሜ ማጠናከሪያ ትምህርት እንዲልኳት ልለምን እናቷ ቤት ሄድኩ።

«አካም ጅርታ፣ ነይ ግቢ» አሉኝ እትዬ ፋጡማ። ጉዳዬን ስነግራቸው ሣቁ። «ቅዳሜ እኔ ገበያ ስውል ሕፃኑን ማን ይይዝልኛል? ደግሞስ ምን ጎድሏት?» ደብተሩን አምጥተው ዘረጉልኝ። «ይኸው እዪው፣ ማሻአላህ፤ አንድ ኤክስ የለባትም። ይልቅ ሂጂና የማይችሉትን አስጠኚ።»

የጻፍኩት እኔ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ። «አዎ፣ ጎበዝ ናት» አልኩ።

ዘይነባ ወንድሟን አዝላ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። እውነቱን የምናውቀው እሷና እኔ ብቻ ነን። አላጋለጠችኝም።