ሬድ የሚሉት ቃል

ማንም ሳይሾመው የሚሾም ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም፤ ከነዚህም ሁሉ የሚያስፈራው አስተርጓሚው ነው። ጨርሶ የማያውቅ ሰው ዝም ይላል፤ ግማሹን የሚያውቅ ግን የቀረውን ግማሽ ከራሱ ይሞላል። በደርግ ዘመን ኩባዊ ሐኪም ባሕር ዳር በመጣ ጊዜ፣ በጣና ዳር ይህ ሹመት የደረሰው ለክቡር ሊቀ ልሳናት ክንዱ፣ ለመጋዘን ጠባቂው ነበር።

ዓሣ አጥማጁ ቢያዝን ከመነሻውም አላመነውም። ክንዱ እንግሊዝኛ ጥቂት ቀማምሷል፤ ስፓኒሹን ግን ያገኘው በብልሃት ነው። «ምን ያስቸግራል? ስፓኒሽ ማለት ጭራ ያበቀለ እንግሊዝኛ ነው፤ ጭራውን መቁረጥ ነው» ይል ነበር።

ወይዘሮ የሺአረግ ሲያስሉ ሐኪሙ መርምሮ «ኮንስቲፓዳ» አለ፤ ጉንፋን ይዟቸዋል ማለቱ ነው። ሊቀ ልሳናት ቃሉን ከእንግሊዝኛው አዛምዶ «ሆድዎ ደርቋል» ሲል ፈረደ። ምስኪኗ ኮሶ ጠጥተው ከጓሮ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ጓሮ ሲመላለሱ ሰነበቱ። የጎረቤትን ልጅ ሐኪሙ «ኤምባራሳዳ» ቢላት ደግሞ «አፍራለች» ብሎ ተረጎመ። አባቷ በልጃቸው ጨዋነት ሲኮሩ ከርመው፣ እውነተኛውን ትርጉም ከሆዷ አነበቡት።

እስከዚህ ድረስ ይሳቅ ነበር።

አንድ ቀን ጉማሬ የቢያዝንን መረብ ጎትቶ ወሰደ፤ ገመዱም መዳፉን ገዘገዘው። ቢያዝን የሆነውን ሁሉ ለሐኪሙ በምልክት አሳየ። ክንዱ የደረሰው እጁ በፋሻ ሲጠቀለል ነው። በር ላይ የቆመው የአብዮት ጥበቃ «ዶክተሩ ምን እያለ ነው?» ሲል ጠየቀ።

«ፔርዲዮ ላ ሬድ ነው ያለው። ሬዱን አጥቷል።»

«ሬድ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ቀይ ነዋ! ቀይነቱን አጥቷል።»

ዘመኑ ቀይ ያልሆነ ሰው ነጭ የሚባልበት፣ ነጭ የተባለም የሚጠፋበት ነበር።

«ኧረ በጊዮርጊስ! እኔ ያሳየሁት መረቤን ነው!» አለ ቢያዝን።

«መረብ በእንግሊዝኛ ኔት ነው፤ ሰውየው ኔት አላለም» አለ ክንዱ ኮራ ብሎ። ቃል ማቃናቱን እንጂ ሰው ማሳሰሩን አላሰበም። ቢያዝንን ከነፋሻው ወደ ቀበሌ ነዱት።

በማግሥቱ ሐኪሙ ቢያዝን በየትኛው ቃል እንደታሰረ ሲረዳ ክንዱን ጎትቶ ባሕሩ ዳር ወሰደው፤ የተሰጣ መረብ አንሥቶ ፊቱ ላይ እያራገፈ «ሬድ! ሬድ!» አለው።

ቢያዝን በታሰረበት ክፍል ሆኖ የክንዱን ድምፅ ከቀበሌው ሊቀ መንበር ቢሮ ሰማ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ሬድ በነሱ ቋንቋ መረብ ኖሯል። የተሳሳትሁ እኔ ነኝ።»

«ያለፈው አልፏል። ሂድ ወደ ቤትህ።»

«ሰውየው ሲለቀቅ ካላየሁ አልሄድም።»

«እንግዲያስ አብዮቱን ሆን ብለህ አሳስተሃል!»

«ሆን ብዬስ አይደለም። እኔ ስፓኒሽ አላውቅም።»

ቢያዝን ጆሮውን ተጠራጠረ። ክንዱ አላውቅም ሲል በሰፈሩ የሰማ ሰው አልነበረም።

ቢያዝን ወጣ፤ ክንዱ ገባ። በደጃፉ ሲተላለፉ ክንዱ ፋሻውን አይቶ «ቁስሉ ሻረልህ?» አለው። ቢያዝን ቂሙ ስላልበረደ በፋሻ የታሰረ እጁን ወደ ኋላው ደብቆ አለፈው።

ውሎ ሲያድር ግን በውሰት መረብ ከሚያጠምደው ዓሣ እየቀነሰ ለክንዱ ስንቅ ያመላልስ ጀመር። አንድ ጧት ዘበኛው ሳህኑን ሳይከፍት መለሰለት።

«ከዛሬ ጀምሮ ስንቅ እንዳታመጣ።»

ይህ ቃል በዚያ ዘመን «ሰውየው የለም» ማለት እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። ቢያዝን ሳህኑን እንደያዘ ቆመ፤ ያ ያላመነው አስተርጓሚ ከጎኑ ሆኖ፣ ይህችን አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ፣ በዚያ ሁሉ ኩራቱ አሳስቶ እንዲተረጉምለት ተመኘ።