የወንድሜን ላፕቶፕ ሳይጠፋ ለማቆየት የተጠራ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ
ቦታ፦ ሳሎን፣ ከሶኬቱ አጠገብ (ከዚያ መራቅ ስለማይቻል)
የተገኙ፦ አባቴ (ሰብሳቢ)፣ እናቴ፣ የእናቴ ወንድም (የዕቃ ማድረሻ መኪና ሹፌርና የቴክኒክ አማካሪ)፣ ታናሽ እህቴ፣ እኔ (ጸሐፊ)
ያልተገኘ፦ ታላቅ ወንድሜ፣ ባለፈው ክረምት ስላረፈ

ሰብሳቢው እንደ ልማዳቸው እስከ ስድስት ቆጠሩ፤ አንድ ቀነሱና ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል አሉ።

አጀንዳ 1፦ ገመዱን በተራ ስለመያዝ

የወንድሜ ቻርጀር ከአገር ቤት የመጣ ስለሆነ በዚህ አገር ሶኬት ላይ የሚሰካው በማገናኛ ነው። ዛሬ ቁርስ ላይ ገመዱ አንገቱ ጋ ስለተሰበረ ሰው በአውራ ጣቱ ካልደገፈው አይሠራም። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። ወንድሜ በድምፁ የቀዳቸው ቀልዶች ደግሞ ያሉት እዚያ ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ ነው። አጎቴ "ከጠፋ የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ቃሉን ይዞት ሄዷል" በማለታቸው ቤተሰቡ ከጠዋት ጀምሮ ገመዱን እየተቀባበለ ይገኛል። ሰብሳቢው ስብሰባውን የመሩትም ይዘውት ነው።

ጸሐፊው ቀልዶቹ በፍላሽ ይገልበጡ ቢልም፣ አጎቴ "አሁን ምንም አትሰኩበት፣ ይደነግጣል" ሲሉ ተቃወሙ። እህቴ በተራዋ ልታስነጥስ ስለነበር ክስ ቀረበባት። "ገና አላስነጠስኩም እኮ!" ብላ ተከራከረች። ከረዥም ውይይት በኋላ ለማስነጠስ ያሰበ ሰው ገመዱን እንዳይነካ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ አጎቴ ገዝተው ስላመጡት አዲስ ቻርጀር

እናቴ፣ ወንድማቸው ቋንቋውን ሳይችሉ እንዴት እንደገዙ ጠየቁ። አጎቴ አንገታቸውን አጣመው ለባለሱቁ እንዳስረዱት ገለጹ። እናቴ "አሞት ነው ብሎ መድኃኒት ቤት አለመላኩ!" አሉ።

አዲሱን ለመሰካት አሮጌው መነቀል አለበት፤ ያን ጊዜ ላፕቶፑ ይጠፋል። አጎቴ "እትዬ፣ ፈጠን ካልን መነቀሉን ላያውቅብን ይችላል" አሉ። እናቴ "እኔ አንዴ ያጣሁት በቃኝ" አሉ።

ስለዚህ አዲሱ ቻርጀር ከነካርቶኑ እንዲቀመጥ፣ ገመዱም ላልተወሰነ ጊዜ በተራ እንዲያዝ የውሳኔ ሐሳብ ቀረበ። ሰብሳቢው "የምትስማሙ እጅ አውጡ" አሉ፤ አርአያ ለመሆንም ቀድመው አወጡ። ያወጡት እጅ ገመዱን የያዙበት ነበር።

ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ስክሪኑ ጨለመ። ሰብሳቢው እጃቸውን ማውረድ ረሱ።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

እህቴ ፈቃድ ሳትጠይቅ ካርቶኑን ቀደደች፤ አዲሱን ሰክታ ማብሪያውን ተጫነች። እናቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አጎቴ የወንድሜን የልደት ቀንና ይደግፈው የነበረውን ቡድን ስም ለይለፍ ቃሉ ግምት ማዘጋጀት ጀመሩ።

ላፕቶፑ ምንም ሳይጠይቅ ተከፈተ። የይለፍ ቃል ኖሮት አያውቅም። ሁሉም ወደ ቴክኒክ አማካሪው ዞሩ፤ አማካሪው ወደ ጣሪያው።

በመሆኑም ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ተረኝነት ቀርቷል፤ ማስነጠስ ተፈቅዷል።

ሰብሳቢው አሥር ሰዓት ላይ ስብሰባውን ዘግተው "በሉ፣ ወደየሥራችሁ" ብለዋል። ይሁን እንጂ እህቴ የመጀመሪያውን ቀልድ ስለከፈተች፣ እናቴም "ድምፁን ጨምሩት" ስላሉ፣ ከሶኬቱ አጠገብ የተነሣ የለም።