ነፋስ የሚፈራው ማይክራፎን

በሀገራችን ማይክራፎን ሳይነፋ የተጀመረ ስብሰባ ካለ እኔ አልተጠራሁበትም። ሰርግ ይሁን የእድር ስብሰባ፣ የወላጆች ቀን ይሁን የቤት ምረቃ፣ ተናጋሪው ማይኩን እንደተቀበለ መጀመሪያ በጣቱ ጎሸም ያደርገዋል፤ ቀጥሎ «እፍ፣ እፍ» ይልበታል፤ ከዚያ «ሄሎ፣ ይሰማል?» ብሎ ይጠይቃል። ከኋላ የተቀመጡት «አይሰማም» ብለው ይመልሳሉ። ካልተሰማቸው ጥያቄውን በምን ሰሙት ብሎ የጠየቀ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

እኔ ይሄን እንደ ጥፋት ቆጥሬው አላውቅም። እፍ ማለት እኛ ዘንድ ብዙ ሥራ አለው። ከሰል የሚያያዘው በእፍታ ነው። የልጅ ዓይን ውስጥ የገባ ጉድፍ የሚወጣው በእፍታ ነው። የሚፋጅ ሽሮ የሚበርደውም በዚያው በእፍታ ነው። ታዲያ ማይክራፎን ማን ስለሆነ ነው ከዚህ ሁሉ ተለይቶ የሚከበረው? እላለሁ። እል ነበር ማለቴ ነው፣ ያ ሪባን ማይክ የሚሉት እንግዳ ቤቴ እስኪገባ።

ልጄ ቤዛ ከቤታችን ጓሮ ያለችውን ሰርቪስ ክፍል ስቱዲዮ አድርጋታለች። ስቱዲዮ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳታስቡ። ቂርቆስ ውስጥ ያለች፣ ሁለት ሰው ሲገባባት ሦስተኛው በር ላይ የሚቆምባት ክፍል ናት። ድምፅ እንዳያስተጋባ ብላ ግድግዳውን በአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅና በእንቁላል ካርቶን ሸፍናዋለች። በፆም ወቅት ገብቶ ያንን ሁሉ ካርቶን የሚያይ ሰው ስለ ቤታችን ምን እንደሚያስብ እግዚአብሔር ይወቀው። ራፕ የሚሉ ልጆች ይመጣሉ፣ ማስታወቂያ የሚያነቡ ይመጣሉ፣ አልፎ አልፎ ዘማሪ ይመጣል። የነበራት ማይክ አርጅቶ ማንኮራፋት ስለጀመረ አዲስ መግዛት ግድ ሆነባት። አቅማችን ግን ለአንድ ነው፤ ስለዚህ መምረጥ አለብን።

«አለብን» ያልኩት በእማማ ትርንጎ ምክንያት ነው እንጂ የእኔ ዕውቀት እንኳ ከሬዲዮ ቁልፍ አያልፍም።

እማማ ትርንጎ የማኅበራችን መዝሙር አውራጅ ናቸው። ካዛንቺስ ተወልደው፣ እዚያው ተድረው፣ እዚያው ልጆች አሳድገው፣ እርጅናንም እዚያው ሲጠብቁ ሰፈሩ ለልማት ተነሣና ማኅበርተኛው ተበተነ። አንዷ በከተማው በዚህ ጫፍ፣ ሌላዋ በዚያ ጫፍ፣ እሳቸው ደግሞ ከልጃቸው ጋር አምስተኛ ፎቅ ላይ። «ለሰማይ ቀረብኩ፣ ከሰው ራቅኩ» ይላሉ። በየወሩ ለማኅበር እኔ ቤት የሚመጡት ታክሲ በታክሲ እየቀያየሩ ነው፤ ጉልበታቸው ደግሞ ከወር ወር እየከዳቸው ነው። እሳቸው ከእናታቸው የተቀበሏቸውን መዝሙሮች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። እሳቸው በቀሩ ቀን እኛ ሁላችን ተቀባዮች ነን፤ የምንቀበለው ግን የለም።

እንቅዳዎት ብለናቸው ነበር። አንዷ ማኅበርተኛ በስልኳ ቀዳቻቸውና መልሳ አሰማቻቸው። እማማ ትርንጎ ጆሯቸውን አቅርበው ሰሙ፤ ከዚያ ስልኩን እንደ ቀዘቀዘ ወጥ በጣታቸው ገፋ አደረጉት። «ይሄ ቆርቆሮ ላይ የተበተነ ጠጠር እንጂ የኔ ድምፅ አይደለም። ፈጣሪዬን በቆርቆሮ አላመሰግንም» አሉ። ከዚያ ወዲህ ስልክ ሲያዩ አፋቸውን በነጠላቸው ይሸፍናሉ። ስንት ለምነን፣ ስንቱን አማላጅ ልከን፣ በስንት መከራ አንድ ቃል አገኘን፤ «አንዴ ብቻ እሞክራለሁ። ቆርቆሮ ከሆንኩ ግን ሁለተኛ እንዳትጠይቁኝ።»

ቤዛ ይሄን ስትሰማ «እማዬ፣ ለሳቸው ድምፅ እኮ ሪባን ነው የሚሆነው፣ ሹል ድምፅን ያለዝባል» አለችኝ። ሪባን ስትል እኔ ያሰብኩት የልጃገረድ ፀጉር ላይ የሚታሰረውን ነው። ወይም ደግሞ ባለሥልጣን በመቀስ የሚቆርጠውን።

ሜክሲኮ አካባቢ ዳግም የሚባል የድምፅ ዕቃ የሚሸጥና የሚጠግን ልጅ አለ፤ እሱ ዘንድ ሄድን። ሁለት ማይክ አወጣልን። አንዱ ኮንደንሰር የሚሉት፣ በየስቱዲዮው ያለው ዓይነት ነው። ሌላው ያ ሪባን ነው፤ ሆዱ ውስጥ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳች የአሉሚኒየም ቅጠል በሁለት ማግኔት መሐል ተንጠልጥላ ድምፅ ሲመጣ ትንቀጠቀጣለች አለን።

«ማዘር፣ ይሄ ሲበዛ ስስ ነው» አለኝ። «ነፋስ አያስነኩት። ማንም እፍ እንዳይልበት፣ ማንም እንዳይመታው። ሲይዙትም ቀጥ አድርገው ነው። ደግሞ ከፊትና ከኋላ ይሰማል፣ በግራና በቀኝ ጎኑ ግን ደንቆሮ ነው።»

የእድራችንን ሊቀመንበር አስታወሰኝ። እሳቸውም ከፊት የሚያሞግሳቸውንና ከኋላ የሚያማቸውን እንጂ ከጎናቸው ሆኖ የሚመክራቸውን አይሰሙም።

«ሁለቱንም ይውሰዱና ይሞክሩ፤ ሰኞ አንዱን ይመልሱልኛል» አለ ዳግም። «የተበላሸ ግን አልቀበልም፣ በቃ የእናንተ ነው።»

ቤዛ ኮንደንሰሩን በቦርሳ ያዘች። ሪባኑን እኔ በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ ቀጥ አድርጌ ደረቴ ላይ አቀፍኩት። በስታዲየም በኩል በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ገና እንደተቀመጥን ከፊታችን ያለው ወጣት መስኮት ከፈተ።

«የኔ ልጅ፣ እባክህ ዝጋልኝ፣ ነፋስ እንዳይመታብኝ» አልኩት።

እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ሀበሻ በብዙ ነገር ላይስማማ ይችላል፣ በታክሲ መስኮት ላይ ግን አንድ ሕዝብ ነው። «ዝጋው እንጂ፣ ሕፃን አለ!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። የወዲያኛውም መስኮት ተዘጋ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ወደ ነጠላዬ አጎንብሳ በሹክሹክታ «አራስ ይዘሽ ታክሲ ውስጥ? ስንት ቀኑ ነው?» አለችኝ።

ቤዛ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ በሳቅ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እኔ መዋሸት አልወድም፤ በዚያ ላይ ከቤተ ክርስቲያን ቀጥሎ ሰው የማይዋሽበት ቦታ ቢኖር የተዘጋ ታክሲ ነው፣ መውጫ የለውም። «ማይክራፎን ነው፣ እህቴ» አልኳት።

ወጣቱ እጁን ወደ መስኮቱ መለሰ። ያ የኋላው ሰውዬ ግን «ተው ባክህ፣ ነፋስ ለማንም አይበጅም» አለውና እስከምንወርድ ድረስ ሁላችንንም አብሮ ላብ አጠመቀን። ያኔ ነው የገባኝ። ይሄን ዕቃ የሠራው ፈረንጅ ይሁን እንጂ ሐሳቡ የእኛ ነው። ብርድ ይመታዋል፣ ነፋስ ይጎዳዋል፣ ተጠቅልሎ ይያዛል። ትኩስ አጥሚት ስጡት አለማለታቸው ነው የገረመኝ።

ቤት ስንደርስ ሙከራው በእኔ ተጀመረ። ቤዛ መዝሙረ ዳዊት አስያዘችኝና በኮንደንሰሩ አነበብኩ። ያ ማይክ ለካ የማይሰማው የለም። ካዛንቺስ በኩል የሚቆፍረውን ማሽን ሰማ፣ የጎረቤት ልጅ ሲገረፍ ሰማ፣ ከዚያ ሁሉ በላይ አንድ የሚንጎደጎድ ነገር ሰማ።

«እማዬ፣ ይሄ ምንድነው? ዝናብ ነው እንዴ?»

«ሆዴ ነው። ዓርብ አይደል?»

በሪባኑ ስናነብ ግን ሆዴ ጨዋ ሆነ። ድምፄም ጋቢ የለበሰ መሰለ። እኔ ወዲያው መረጥኩ። ቤዛ ግን ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «ሳውንዱ ገድሎኛል፣ እውነት። ግን እማዬ፣ የራፕ ልጆቹ ሲጮሁበት በአንድ ቀን ይበጠሳል። እንጀራዬን የሚያበላኝ ኮንደንሰሩ ነው። እሁድ እማማ ትርንጎን በዚህ እንቀዳና ሰኞ ሪባኑን እንመልሳለን።»

«ተጠቅመንበት?»

«ሞክሩት አይደል ያለን? ይሄም ሙከራ ነው።»

ይሄ ብልጠት ነው ወይስ ኃጢአት ብዬ ትንሽ አሰብኩ። ንስሐ አባቴን ለመጠየቅ ደግሞ መጀመሪያ ሪባን ማይክ ምን እንደሆነ ማስረዳት ሊኖርብኝ ነው። ተውኩት።

እሁድ ማኅበሩ ተበልቶ፣ ተጠጥቶ፣ ተመርቆ ሰው ሲበተን እማማ ትርንጎን ደግፌ ወደ ጓሮ ወሰድኳቸው። እኔ በማይኩ ላይ ዘበኛ ሆኛለሁ። «እማማ፣ እባክዎ እፍ እንዳይሉበት» አልኳቸው።

«ለምን እፍ እላለሁ? ከሰል ነው እንዴ?» አሉ ቅር ብሏቸው።

ግን ብቻዬን ከብረት ጋር አልፋጠጥም አሉ። ቤዛ ከማይኩ ጀርባ፣ ከሳቸው ፊት ለፊት በርጩማ አስቀምጣ አስገባችኝና «ትንፍሽ እንዳትዪ» አለችኝ። እሷ ጎን ላይ፣ ኮምፒውተሯ ጋ ሄደች።

እማማ ትርንጎ ጀመሩ። መጀመሪያ ድምፃቸው ቀጭንና ፈሪ ነበር፣ በማያውቁት ቤት እንደገባ እንግዳ። አንዱን ቤት ጨርሰው ቆም አሉ። መቼም አውራጅ ቆም ሲል ያ ዝምታ የተቀባዩ ነው፤ ሌላ ባለቤት የለውም። ከንፈሬን ነከስኩ። ሁለተኛውን ጨርሰው ቆም አሉ፣ ዓይኔን አዩኝ። ሰው እጁን ዘርግቶ ሰላም ሲልህ ዝም ብለህ ታየዋለህ? አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። በሦስተኛው ላይ በሹክሹክታ ተቀበልኳቸው። እንዲያው ለማስታመም ያህል፣ ደግሞም ከማይኩ ኋላ ነኝ፣ ማን ይሰማኛል? ያን ጊዜ እማማ ትርንጎ ቀና አሉ። ድምፃቸው ካዛንቺስ ያ ሰፊው ግቢ ውስጥ እንደነበረው ሆነ። በእጃቸው ጉልበታቸውን እየመቱ፣ እኔም ሹክሹክታዬን ረስቼ፣ እስከ መጨረሻው ወረድነው።

ቤዛ ጆሮ ማዳመጫውን በሻሻቸው ላይ ደፋችላቸው። ሰሙ። እኔ በልቤ እመቤታችንን እየተማጸንኩ ነው፤ ቆርቆሮ ካሉ አለቀ።

«ይቺ ከኋላ የምትቀበለኝ ማናት?» አሉ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ቤዛ ግንባሯን መታች። «እማዬ ናት። ለካ ይሄ ማይክ በጀርባውም ይሰማል፤ ረስቼ እዚያ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። አሁን ላውጣት ብልም አትወጣም፣ አንድ ላይ ነው የተቀዳችሁት። እማማ፣ እሷን አስወጥተን አንዴ ብንደግመውስ?»

«ምኑ ነው የሚደገመው? እኔ ነኝ፣ ይሄው፣ ራሴ ነኝ» አሉ እማማ ትርንጎ። «ያኔ በስልክ ጊዜ ሁላችሁም ዝም ብላችሁ ብቻዬን አንጫጫችሁኝ። ተቀባይ የሌለው አውራጅ ቆርቆሮ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?»

ይሄን ብለው ተነሡ። ደስታቸው ከአቅማቸው በላይ ሆኖ፣ ማይኩን በሁለት እጃቸው እንደ ልጅ ጉንጭ ያዙት። «ተባረክ፣ እደግ። ክፉ አይይህ፣ ነፋስ አይንካህ» አሉና ደኅና አድርገው፣ ከፊት ለፊቱ፣ በረከት በማይሰስት አፍ «እንትፍ፣ እንትፍ» አሉበት።

እፍን ከልክለናል። እንትፍን የከለከለ ግን አልነበረም። ሲመርቁ የሚከለክል ልጅስ ከወዴት ይመጣል?

ቤዛ ፊቷ አመድ መሰለ። ለእማማ ትርንጎ ምንም አላልናቸውም፤ እያመሰገንን ታክሲ አሳፈርናቸው። ተመልሰን ስንሞክረው ማይኩ ዝም ብሏል። ሪባኗ ከቦታዋ ወልቃ ተንጠልጥላለች። የፈሩት ይደርሳል ይሏል ይሄ ነው።

ሰኞ ዳግም ከፍቶ አየውና «ማን ነው እፍ ያለበት?» አለ።

«ማንም እፍ አላለበትም» አልኩ፣ እውነቴን ነው። «ተመርቆ ነው።»

እሱም እናት ያሳደገችው ልጅ ነውና፣ ከንፈሯን የምትነክሰውን ቤዛን አየ፣ እኔን አየ፣ እጄን ወደ አፌ ወስጄ እንዴት እንደተመረቀ ሳሳየው ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ተረጋግቶ ሲነሣ ኮንደንሰሩን ተቀበለን፤ የተበላሸ የእናንተ ነው ብሎ የለ? ልጄ ስንት ሰዓት አመዛዝና የመረጠችው ወደ መደርደሪያው ሲመለስ፣ እኔ የመረጥኩት ግን በእማማ ትርንጎ ምራቅ ቤታችን ቀረ። ዳግም አዲስ ሪባን አስገባለታለሁ፣ ጊዜ ስጡኝ አለ።

«ራፐሮችሽንስ ምን ልታደርጊያቸው ነው?» አላት ቤዛን።

«ራቅ ብለው ቀስ ብለው ይናገራሉዋ» አለች። «ለነሱም ይሻላቸዋል።»

ያቺ አንድ መዝሙር በማኅበርተኛው ስልክ ሁሉ ገብታለች። በዚያ ጫፍ ያለችው ወጥ እየሠራች ትቀበላለች፣ በዚህ ጫፍ ያለችው ልብስ እያሰጣች። እማማ ትርንጎም አምስተኛ ፎቅ ላይ ከፍተው ራሳቸውን ይቀበላሉ አሉ። ለሚመጣው ማኅበር ደግሞ ሁለተኛ መዝሙር አዘጋጅተው ይመጣሉ፤ በርጩማዬን ከማይኩ ኋላ እንዳላነሣ አስጠንቅቀውኛል።

ማይኩ ሲጠገን ልወስድ የሄድኩት እኔ ነኝ። ከፊቴ አንድ ገዢ ቆሞ ዳግም ሲያስጠነቅቀው ሰማሁ፤ «ነፋስ አታስነካው፣ አትምታው፣ ደግሞ በምንም ዓይነት አታስመርቀው።» ሰውዬው ነገሩ ግራ ገብቶት ወጣ። ተራዬ ሲደርስ ያን አዲስ ሪባን የገባለትን ማይክ ተቀብዬ በነጠላዬ ጠቀለልኩት። ልጁ እንዴት ያለ ሥራ ነው የሠራው! ለዕቃውም ለእጁም የምርቃት ቃል አፌን ሞላው። እናት ነኝ፣ ምርቃት ይዤ ማደር አልችልም።

ዞር አደረግኩትና በጎኑ በኩል መረቅኩት። በዚያ በኩል ደንቆሮ ነው።