ስታዲየሙን የጠረጠሩት ክቡር አቶ ኦርቪል

ምክር ቤት ያለው ከተማ ሁሉ አንድ ጠርጣሪ አለው። ከንቲባ ይመረጣል፣ የፖሊስ አዛዥ ይሾማል፤ ጠርጣሪውን ግን የሚመርጠውም የሚሾመውም የለም። ራሱን በራሱ ሾሞ፣ ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት ቀድሞ ይመጣና ሁለተኛው ረድፍ ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ለምን ሁለተኛው ረድፍ ቢሉት፣ አንደኛው ረድፍ ላይ የሚቀመጡት ከምክር ቤቱ ጋር የተሻረኩ ናቸው ይላል።

የእኛ የዌልስበሪ ጠርጣሪ ክቡር አቶ ኦርቪል ፕሮሃስካ ናቸው። ረዥም፣ አንገተ ቀጭን ሰው ናቸው፤ አንደኛው ቅንድባቸው ሁልጊዜ ወደ ላይ እንደተሰቀለ ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ገበሬው በቆሎውን በሚያስረክብበት ጎተራ የሚዛን ተቆጣጣሪ ነበሩ፤ ሥራና ጠባይ እንዲህ የተገናኙበት ሰው አይቼ አላውቅም። እኔ ለከተማችን ጋዜጣ የምክር ቤቱን ወሬ የምጽፍ ሰው ነኝ። ስለዚህ ከባለቤቴ ቀጥሎ ብዙ ሰዓት አብሬው የተቀመጥኩት ሰው እሳቸው ናቸው፤ አንዳንድ ወር ባለቤቴንም ይቀድሟታል።

ስለ ሠርጋቸው የሚወራውን ልንገራችሁ። ቄሱ «ይህን ጋብቻ የሚቃወም ካለ አሁኑኑ ይናገር» ሲሉ እጁን ያወጣው ሙሽራው ራሱ ነው ይባላል። በኋላ ሰው ሲጠይቃቸው «አልተቃወምኩም፤ ጥያቄ ነበረኝ» አሉ። ባንኩ አዲስ ቅርንጫፍ ሲከፍት ለአላፊ አግዳሚው አይስክሬም በነፃ ሲያድል፣ ክቡርነታቸው ተቀብለው «ለምን በነፃ ሆነ?» እያሉ ሲመረምሩት እጃቸው ላይ ቀልጦ አለቀ። መሃል ከተማ አደባባይ የተሠራ ጊዜም በመኪናቸው ደጋግመው ሲዞሩት ዋሉ። መውጫው ጠፍቷቸው አይደለም፤ የሚያዞራቸው ማን እንደሆነ ለማወቅ ነው።

በምክር ቤታችን ሕግ ማንኛውም ነዋሪ ማይኩ ፊት ቆሞ ሦስት ደቂቃ መናገር ይችላል። አረንጓዴ መብራት ሲበራ ትጀምራለህ፣ ቢጫው ያስጠነቅቅሃል፣ ቀዩ ያስቀምጥሃል። አቶ ኦርቪል ሦስት ደቂቃቸውን ሳይናገሩ የቀሩበትን ስብሰባ አላስታውስም። የምክር ቤቱን ሰዓት ስለማያምኑ የእጃቸውን ሰዓት ፈትተው ማይኩ አጠገብ ያስቀምጣሉ። ንግግራቸው ሁልጊዜ «የት ላይ ተጽፏል?» ብሎ ይጀምርና፣ ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ግዌንዶሊን ፓይክ መዶሻቸውን ሲያነሱ «እኔ ጠየቅኩ እንጂ ምን አልኩ?» ብሎ ያበቃል።

እንግዲህ እኚህ ሰው ባሉበት ከተማ ነው አንድ አልሚ ድርጅት መሃል ከተማ ላይ የቤዝቦል ስታዲየም ልሥራ ብሎ የመጣው።

ሐሳቡን ያቀረበው ካርሰን ብላይ የሚባል፣ ሲናገርም ሲያዳምጥም ፈገግ የሚል ወጣት ነበር። አንድ ትልቅ ሥዕል ግድግዳ ላይ አበራልን። ስታዲየሙ፣ ዙሪያውን አዳዲስ አፓርታማ፣ የእግር መንገድ፣ ዛፍ፣ ጥርት ያለ ሰማይ። እውነቱን ልናገርና እኔ ልቤ ቀልጦ ነበር። ቤዝቦል እወዳለሁ፤ መሃል ከተማችንም ከመሸ ድመት የማይታይበት ሆኗል። አዳራሹ አጨበጨበ። አቶ ኦርቪል ግን አላጨበጨቡም፤ ተነሥተው ወደ ሥዕሉ ሄዱና አፍንጫቸው ሊነካው እስኪደርስ ተጠግተው ያዩት ጀመር።

«እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው?» አሉ ሥዕሉ ውስጥ የሚንሸራሸሩትን እያመለከቱ።

«ነዋሪዎች ናቸው» አለ ብላይ ፈገግ ብሎ።

«የየት ነዋሪዎች? እኔ እዚህ ተወልጄ አንዱንም አላውቀውም። አንድ እንኳ ያረጀ ሰው የለም። ሽማግሌዎቹን የት አድርሳችኋቸው ነው?»

ሰው ሳቀ። «መኪናቸውንስ የት አቁመው ነው የሚንሸራሸሩት?» ሲሉ ሳቁ ትንሽ ቀነሰ። «ቡድኑስ ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከጎረቤት ከተማ ለመዛወር ፈቃደኛ የሆነ ቡድን አለ።»

«ያቺን ከተማ ጥሎ ነው የሚመጣው ማለት ነው» አሉ አቶ ኦርቪል። «ነገ እኛንስ ላለመጣሉ፣ የት ላይ ተጽፏል?» ቀዩ መብራት በራ፤ ወይዘሮ ፓይክም በእፎይታ መዶሻቸውን አሳረፉ።

ያን ዕለት ከኋላዬ አንዲት ሴት ቀስ ብላ «እኔስ የት አለሁ?» ስትል ሰማሁ። ሎሬና ተትል ነበረች፤ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ጥግ ላይ ያለችው ምግብ ቤት ባለቤት። እናቷ ለባቡር ሠራተኞች ብላ የከፈተችው ቤት ነው፤ የተፈጨ ሥጋ ሳንድዊቿንና በቼሪ ፍሬ የምትጋግረውን ፓይ የማያውቅ የለም። ሥዕሉን እንደገና አየሁት። የሎሬና ቤት ባለበት ቦታ አንድ ዛፍና ፊኛ የያዘች ሕፃን ቆመዋል። ስብሰባው ሲያልቅ ሎሬናን ይዤ ወደ ብላይ ሄድኩ። «ለወይዘሮ ሎሬና ስታዲየሙ ውስጥ ልዩ ቦታ እናስብላታለን» አለን። እኔ አመንኩት። ሎሬናም ልታምነው ፈልጋ ነበር መሰለኝ፤ ግን ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ ቦርሳዋን ስትከፍትና ስትዘጋ አየኋት።

ክረምቱን በሙሉ ክርክር ሆነ። ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ የጥርስ ሐኪሙ ወንበር ላይ አፋችን ተከፍቶ ሳይቀር ስለ ስታዲየሙ ነበር። አቶ ኦርቪል እየተነሡ ይጠይቃሉ፣ ብላይ እየሳቀ ይመልሳል፣ እኔ እጽፋለሁ። ጥርጣሬ ደግሞ ይጋባል። ውዬ አድሬ እሳቸውን ራሳቸውን መጠርጠር ጀመርኩ። ሰው እንዲህ የሚደክመው በከንቱ ነው? ከኋላቸው ማን አለ? ስታዲየሙ ቦታውን የሚወስድበት የመኪና ማቆሚያ ባለቤት ይሆን?

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ይቅር በሉኝና፣ ተከተልኳቸው። መኪናቸውን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው አሮጌ ሜዳ አጠገብ አቆሙ። ሚስጥራዊ ቀጠሮ ነው ብዬ ከዛፍ ኋላ ቆምኩ። የተማሪዎች ጨዋታ ነበር። ክቡርነታቸው የሽቦውን አጥር በሁለት እጃቸው ይዘው «ዳኛ! ዓይንህን ቤት ረስተኸው መጣህ?» ብለው ጮኹ። አጠገባቸው ያሉትም ሁሉ እንደሳቸው ይጮኻሉ። ቤዝቦል ሜዳ ላይ ዳኛ የማይጠረጥር የለምና፣ እዚያ አቶ ኦርቪል እንደ ማንኛውም ሰው ናቸው።

ዞር ሲሉ አዩኝ። «አንተን ደግሞ ማን ላከህ?»

«ማንም» አልኩ እያፈርኩ። «ቤዝቦል ይወዳሉ እንዴ?»

«ከዚህ የበለጠ የምወደው ነገር የለኝም።»

«ታዲያ ስታዲየሙን ለምን ይቃወማሉ?»

«ማን ተቃወመ? ጠየቅኩ እንጂ ምን አልኩ?» ካሉ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስማኝ። የማልወደውን ነገር ይዞ የመጣን ሰው እምቢ ማለት አያቅተኝም። የምወደውን ይዞ ሲመጣ ነው የምፈራው።» ከዚያ ወደ ዳኛው ዞሩ፤ እኔም አጠገባቸው ቆሜ ጨዋታውን አየሁ።

ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ደረሰ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው መስኮት ላይ ተንጠልጥሏል። ተናጋሪው ስለበዛ ወይዘሮ ፓይክ «ለአንድ ሰው አንድ ደቂቃ ብቻ» ብለው አወጁ። አቶ ኦርቪል አዲስ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው፣ ለጉሮሯቸው ከረሜላ እየመጠጡ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ወራት ሙሉ የተዘጋጁበትን ነገር በአንድ ደቂቃ ለመጨረስ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። ከፊታቸው ተራ የነበራት ሎሬና ናት።

ሎሬና ማይኩ ፊት ቆመች። ብላይ ያሰበላት ልዩ ቦታ ከውሉ ወረቀት ውስጥ እንደሌለ በዚያ ሳምንት ሰምታለች። «እኔ ንግግር አላውቅም» አለች። «እናቴ…» አለችና ቆመች። ማጀቷን ሙሉ ቀን በጩኸት የምታስተዳድር ሴት፣ ድምፅ አጣች። «እናቴ…» አለች እንደገና። ቢጫው በራ። ወረቀቷን ጣለች፣ አነሣች፣ ገልብጣ ያዘች። ቀዩ በራ።

«ይቅርታ፣ ወይዘሮ ተትል፣ ጊዜዎ አልቋል» አሉ ሰብሳቢዋ፤ እሳቸውም ደስ አላላቸውም። «ቀጣይ፣ አቶ ፕሮሃስካ።»

አቶ ኦርቪል ተነሡ። ሰው ሁሉ ወንበሩ ላይ ተመቻቸ። «ክብርት ሰብሳቢ» አሉ፣ «ተራዬን ለእሷ ሰጥቻለሁ።»

ደንቡ ይፈቅዳል፤ ተራህን ለሌላ ሰው መስጠት ትችላለህ። ግን ኦርቪል ፕሮሃስካ ከሦስቱ ደቂቃቸው አንዲት ሰኮንድ ለሰው ሲሰጡ ያየ የለም። ወይዘሮ ፓይክ መነጽራቸውን አወለቁ። «አቶ ፕሮሃስካ፣ በትክክል ሰምቻለሁ? እርስዎ ሊናገሩ አይፈልጉም?»

«እኔ ስነሣማ ስልካችሁን ነው የምታዩት» አሉ። «እሷን ስሟት።» ተቀመጡ።

ከኋላቸው የነበረው የቧንቧ ሠራተኛ ጉሮሮውን ጠረገና «እኔም ለሎሬና» አለ። ከሱ ኋላ ያለችው ነርስ «እኔም» አለች። ለስታዲየሙ ሊሟገት የመጣ አንድ የቡድን ባርኔጣ ያደረገ ሰው እንኳ ተቁነጥንጦ ተቁነጥንጦ «በቃ፣ የኔንም ትውሰደው» አለ።

ሎሬና ውኃ ጠጣች። «ስታዲየሙን አልጠላውም» ብላ ጀመረች። «ሌላ ቦታ ክፈቺ ትሉኛላችሁ። የኔ ሰዎች በእግራቸው የሚመጡ ናቸው። ከሆስፒታሉ የሌሊት ፈረቃ የሚወጡት አሉ፤ ከአረጋውያን ቤቱ በምርኩዝ የሚመጡት አሉ። ከጥጉ ካነሣችሁኝ እኔ ብሄድ እነሱ አይከተሉኝም። ሚስተር አልቢን ባሏን ከቀበረች ወዲህ ከሰው ጋር የምታወራው እኔ ቤት ቁርስ ስትበላ ብቻ እንደሆነ እህቷ ነግራኛለች…» ስም ከሰው ተምታቶባት ቆመች፤ «ሚስስ አልቢን ማለቴ ነው» አለች። ማንም አልሳቀም።

ወይዘሮ ፓይክ ግድግዳው ላይ ዳግም የበራውን ሥዕል አዩና ወደ ብላይ ዞሩ። «ይህ በሎሬና ጥግ በኩል ያለው የግራ ሜዳ አጥር ትንሽ ወደ ውስጥ ቢታጠፍ ኳሱ ይከፋዋል?» እግር ኳስ ቢሆን አይሆንም ነበር፤ የቤዝቦል ሜዳ አጥር ግን በየከተማው እንደፈለገ ይታጠፋል። ብላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግታው ጠፋ፤ «ይቻላል» አለ። ጥጉ ሳይነካ፣ አጥሩ ታጥፎ፣ በወረቀት ተጽፎ፣ ስታዲየሙ በአንድ ድምፅ ብልጫ አለፈ።

ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ሰው ሁሉ ወደ ሎሬና ቤት ጎረፈ። ሰብሳቢዋ አሉ፣ ባለ ባርኔጣው አለ፣ ቧንቧ ሠራተኛው ቆሞ ይበላል። አቶ ኦርቪልን ግን አጣኋቸው። ብወጣ፣ እግረኛ መንገዱ ላይ ቆመው በመስኮቱ ወደ ውስጥ ያያሉ። ሎሬናም አይታቸው ኖሮ ተከትላኝ ወጣች።

«ኦርቪል፣ ምን ትገተራለህ? ግባ እንጂ!»

«እዚሁ ይሻለኛል።»

«ለምን?»

ቅንድባቸው ወጣ። «ሥጋውን ማን ነው የሚፈጨው?»

ሎሬና አፏን ከፈተች። «ቆይ፣ አንተ እኔ ቤት በልተህ አታውቅም?»

«አላውቅም።»

«አንድም ቀን?»

«መብራቱ ደብዘዝ ያለ ነው» አሉ እንደ መልስ።

«ታዲያ በልተህበት ለማታውቀው፣ ለማታምነው ቤት ነው ተራህን የሰጠኸው?»

«ሴትዮ» አሉ ተቆጥተው፣ «ሰው ከቦታው ሲነቀል ዝም ላለማለት፣ የግድ እራቱን መብላት አለብኝ?»

ሎሬና ሽርጧን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ጋዜጠኛ ወገን አይይዝም ይላሉ፤ እኔ ግን ልናገረው፣ እኚህን ሰው እወዳቸዋለሁ። አንድ ቀን የኔንም ቤት ከሥዕል ላይ ፍቀው ዛፍ ሲተክሉበት፣ ቤቴን ረግጠው የማያውቁ አንድ ክፉ ጠርጣሪ እንዲኖሩኝ እመኛለሁ።

ሎሬና በሩን ከፍታ ያዘችላቸው። አቶ ኦርቪል የበሩን ጉበን አዩ፣ ወለሉን አዩ፣ በመጨረሻ እኔን አዩኝ።

«አንተ ቅደም» አሉ።

ቀደምኩ። ሳንድዊቹ ሲመጣም እኔው ቀድሜ ጎረስኩላቸው። እስክውጥ ጠበቁ፣ ከዋጥኩም በኋላ ፊቴን ትንሽ አጠኑት፤ ከዚያ ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው በሉ።