ንፋቱ እንዴት አበቃ

(ጠባብና ቀዝቃዛ የእንግዳ ክፍል። ሊቁ ትናንት «ጠገንኩት» ያለው ማሞቂያ ጥግ ይዞ ጸጥ ብሏል። የሊቁ አማት ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱ ቤት ሊያድሩ ይመጣሉ፤ እንዲወዱት ያልተሳለው ስለት የለም። ካርቶን ላይ ተቀምጦ ያስረዳል። የሚስቱ ታናሽ ወንድም ደግሞ የአየር ፍራሽ በአፉ ይነፋል። ነገር ቶሎ ስለማይገባው «አዝግሜ» ብሎ ስም ያወጣለት ሊቁ ነው።)

አዝግሜ፦ እኔ የምለው፣ ውታፉን ማን ደፈነው ነው?

ሊቁ፦ ውታፍ የለውም አልኩህ። የጽንፈ ዓለምን መጀመሪያ ነው የምነግርህ፣ የፍራሽ አይደለም።

አዝግሜ፦ ውታፍ ከሌለው አየሩ አይወጣም?

ሊቁ፦ አየርም አልነበረም።

አዝግሜ፦ (ቱቦውን ከአፉ አውጥቶ) ታዲያ በምን ነፉት?

ሊቁ፦ ማንም አልነፋውም። ቦታው ራሱ ነው የተለጠጠው። ዓይንህን ጨፍነህ ሳትገልጥ ስንትና ስንት እጥፍ ሆነ። አንተ በአንድ ፍራሽ ታመሻለህ።

አዝግሜ፦ ቦታው ከተለጠጠ ይሄ ክፍል ምነው ጠበበ?

ሊቁ፦ ዝም ብለህ ንፋ ወንድሜ። አማቴ ሲደርሱ «በገዛ ትንፋሼ ነፋሁልዎ» ልላቸው ነው።

አዝግሜ፦ በማን ትንፋሽ?

ሊቁ፦ በቤቱ አባወራ ትንፋሽ። ዝርዝሩ ምን ያደርግላቸዋል? (ጃኬቱን እስከ አንገቱ ይቆልፋል) የሚገርምህ፣ ያኔም እንዲህ ቀዝቅዞ ነበር። ሲለጠጥ ሙቀቱ ሳሳና ሁሉም ባዶ፣ ሁሉም በረዶ ሆነ።

አዝግሜ፦ ያንንም ማሞቂያ አንተ ነህ የጠገንከው?

ሊቁ፦ (ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ) ከዚያ ያ የሚለጥጠው ጉልበት፣ ከዳገት እንደሚንከባለል ድንጋይ ቀስ እያለ ወረደ። ታች ሲደርስ ወዲያ ወዲህ ተወዛወዘና ንፋቱ አበቃ።

አዝግሜ፦ ጉልበቱስ የት ገባ?

ሊቁ፦ የት ይገባል፣ ሙቀት ሆነ እንጂ። እኔም አንተም የተገኘነው ከዚያ ትኩሳት ነው። ጉልበት አይጠፋም፤ ይህቺን ያዝልኝ።

አዝግሜ፦ ይዣለሁ።

(የመጨረሻውን ትንፋሽ ሰጥቶ ውታፉን ይደፍናል። ሹራቡን ያወልቃል፤ ግንባሩ በላብ ርሷል። የሊቁ ጥርስ ይንገጫገጫል።)

ሊቁ፦ አንተ ሰው አይበርድህም?

አዝግሜ፦ ኧረ ሞቆኛል።

ሊቁ፦ (ለመሟሟቅ ብድግ ሲል ካርቶኑ ይከፈታል) ይሄ የፍራሹ ፓምፕ አይደል? ይህን ሁሉ ስትነፋ እኔ ሥር ነበር?

አዝግሜ፦ አዎ፣ ስትቀመጥበት አይቻለሁ።

ሊቁ፦ (ሳቁ ያመልጠዋል) አይ አዝግሜ። ምነው ታዲያ አልተናገርክ?

አዝግሜ፦ ብናገር ብርዱን በምን እችለው ነበር፣ ጋሼ?

(በሩ ይንኳኳል። የሊቁ ሳቅ ይቆማል።)

ሊቁ፦ መጡ። አደራህን፣ የነፋሁት እኔ ነኝ።

አዝግሜ፦ እማዬ ሰላም ስትል ጉንጭ ይዛ ነው። ጉልበት አይጠፋም ብለኸኝ የለ? ሙቀቱ ማን ላይ እንዳረፈ በእጇ ታገኘዋለች።

ሊቁ፦ (በረዶ የሆነ ጉንጩን ዳብሶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ) እባክህ ውታፏን ክፈትልኝ። ጥቂት ልንፋ።

አዝግሜ፦ (ላቡን ሳይጠርግ ወደ በሩ እየሄደ) አይሆንም ጋሼ። ንፋቱ አብቅቷል።